ቀጥታ ብቻ የሚሄድ መኪና

«የማን መኪና ነው?» ሲባል «የዊላ» ይባላል። ከዚያ ዊላን በክርናቸው ገፋ ያደርጉና ኮፈኑን ይከፍታሉ። እንዲህ ሲሆን ስድስት ዓመት አለፈ።

ዛሬም እሑድ ነው። ዛሬም ዊላ ስታምፐር ጋራዡ በር ላይ ቆማ ከመኪናዋ ሥር የተዘረጉትን አራት እግሮች ታያለች። ሁለቱ የአባቷ የቨርነን ናቸው፤ ሁለቱ የታላቅ ወንድሟ የዳልተን። ከሥር ሆነው «ያዘው»፣ «ልቀቀው»፣ «ወደኔ ሳበው» ይባባላሉ። እሷን የጠራት የለም።

አያቷ ሆባርት ሊሞት ሰሞን ነው የተናገረው፤ የፋሲካ ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ በተቀመጠበት፣ ሹካውን አስቀምጦ። «ኖቫው የዊላ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ቁልፉን ስጧት።» ኖቫው የ1970 ሥሪት ነው፤ ሁለት በር፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ዊላ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁሉም ሰምቷል። አባቷም «እሺ» ብሏል፤ አፉን በድንች ሞልቶ ቢሆንም ብሏል። ከዚያ ወዲያ ቀለሙን ዳልተን መረጠ፤ ቢጫ። ዊላ ቢጫ አትወድም። ሞተሩን አባቷ መረጠ። ወንበሩን የአባቷ ጓደኞች ቢራቸውን ይዘው ተማክረው መረጡ። አንድም ቀን «አንቺስ?» አልተባለችም። ሰው ዝም ሲል የሌለ ይመስላቸዋል።

ቨርነን በጀርባው እየተንሸራተተ ከሥር ወጣ። እጁ ላይ ሁለት ጫፉ የታጠፈ ረጅም የብረት ዘንግ ነበር። ወደ ግድግዳው ጥግ ወረወረው።

«ስታብላይዘሩን ለምን አወጣኸው?» አለች ዊላ።

«ስለማያስፈልግ።»

«ያስፈልጋል። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ጎን እንዳይጋደም የሚይዘው እሱ ነው።»

ከመኪናው ሥር ዳልተን ሳቀ። «አስተማሪዋ መጣች። ቦታ ልቀቁላት።»

«የውድድሩ ሜዳ ላይ ኩርባ የለም» አለ አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ግን አለ።»

«ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወስድሻል።»

ዊላ ምን እንደምትፈልግ ያልተናገረች እንዳይመስላችሁ። ክረምቱን በሙሉ ተናግራለች። የኖቫ ሻንሲ ግማሽ ነው፤ ከፊት ብቻ ነው ወፍራሙ ብረት ያለው፤ ከወንበሩ ወዲያ አካሉ ራሱ ነው መኪናውን ተሸክሞ የሚሄደው። ስለዚህ በመጀመሪያ የፊቱን ከኋላው የሚያያይዙ ሁለት ብረቶች ይበየዱለት ብላለች። ከዚያ ፊቱ ላይ አጠር ያለ ጠንካራ ሞላ፣ ወፍራም ስታብላይዘር፣ ንዝረት የሚያበርድ ደህና አሞርዛተር፣ ደህና ፍሬን። መኪናው መሬት ይዞ እንዲሄድ፣ ሲያዞሩት እንዲታጠፍ፣ ቁም ሲባል እንዲቆም። ሌላ አልጠየቀችም።

አባቷ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ፊቱ ላይ ረጅምና ልፍስፍስ ሞላ፤ ነዳጅ ሲረገጥ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል፣ ክብደቱም ተንዶ የኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ። ኋላው ላይ አዲስ ባሌስትራ፣ ያ ተደራራቢው የብረት ሞላ፣ ከሥሩም ባሌስትራው እንዳይጣመም የሚደግፍ ብረት። ስታብላይዘር የለም። እንዲህ የተሠራ መኪና ሲነሳ እንደ ጥይት ነው። ግን ቀጥታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይገድለዋል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ የመረጠው ደግሞ ቨርነን ነው።

ምክንያቱም ገስ ራትሊፍ ነው። ገስ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖረው። ባለፈው መኸር ቨርነንን በሰው ፊት ቀድሞታል። ቀድሞትም ዝም አላለም፤ ነዳጅ ማደያው ጋ ባገኘው ቁጥር «ጭሴን አሸተትከው?» ይለዋል። ቨርነን ደሙ ፈላና እዚያው ማደያው ላይ ጠራው። በዚያ አገር ሰው ሰውን ለቂም ውድድር ከጠራ ጠራ ነው፤ ከጠራ በኋላ የቀረ ሰው ስሙን ይዞ አይኖርም። ቨርነን ደግሞ «በልጄ ኖቫ ነው የማሸንፍህ» ብሎ ጠራው። ልጁን ሳይጠይቅ።

«ቅዳሜ ራትሊፍን ልብላውና ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው» አለ አሁን።

«ከዚያ በኋላ ሞላዎቹን ትቀይርልኛለህ?»

«እናያለን።»

ይቺን ቃል ታውቃታለች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ አብራት ያደገች ቃል ናት።

*

ማክሰኞ ዳልተን ኖቫውን ሊሞክረው አወጣው። ዊላ ሳትጠየቅ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ውረጂ።»

«መኪናዬ ውስጥ ነው የተቀመጥኩት።»

«አቦ አታድርቂኝ» አለና ነዳጁን ረገጠው።

ቀጥታው ላይ እውነትም ግሩም ነበር። አፍንጫው ተነሳ፤ ሰማዩ መስታወቱን ሞላው፤ ዊላ ወንበሩ ላይ ተጣበቀች። ዳልተን እንደ ልጅ ጮኸ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለው ኩርባ መጣ።

ዳልተን መሪውን አዞረው። መኪናው ግን ወዲያው አልታጠፈም። በመጀመሪያ ተጋደመ፤ እንደ ሰካራም ሰው በአንድ ጎኑ ተኛ፤ ዊላ በበሩ መስታወት አስፋልቱን ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። ከዚያ እያመነታ ዞረ፤ ሲዞር ግን የሌላውን መስመር ይዞ ነበር። ከፊት ግንድ የጫነ መኪና እየመጣ ነው። ዳልተን ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው መሬት ሊነካ ተደፋ፤ ኋላው ቀለለና ተወዛወዘ። የጭነት መኪናው ክላክሱን እየነፋ በጎናቸው አለፈ። የእንጨቱ ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ።

ዳልተን ዳር ይዞ አቆመ። ሳቀ፤ ግን ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ለአባዬ ብትነግሪው» አለ፣ «ወየውልሽ።»

ነገረችው። ቨርነን ዳልተንን አየው፣ እሷን አየ። «ስለፈጠነ ነው። ቀስ ብሎ የነዳ ሰው ምንም አይሆንም።»

«አባዬ፣ እኔ በየቀኑ የማልፍበት ኩርባ ነው። ጠዋትና ማታ።»

«ገና መንጃ ፈቃድ እንኳ የለሽም። ፈረስ ለሩጫ ነው የሚገዛው፤ አንቺ ደግሞ እንቁላል ልትጭኚበት ነው የምትፈልጊው።»

ዳልተን በሳቅ ወደቀ። ዊላ ከጋራዡ ወጣች። መልስ ለማይሰማ ጆሮ ትንፋሽ ማባከን ስለሰለቻት ነው።

*

ረቡዕ ማታ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበሉ አባቷ እንዲያው ድንገት ለስለስ አለ። እናቷ ጄኔል የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሥራዋን ልትገባ ኮቷን እየለበሰች ነበር።

«ዊላ፣ የኔ ልጅ» አለ። እንዲህ ሲላት አንድ ነገር እንደሚፈልግ ታውቃለች። «የራትሊፍ ልጅ ጓደኛሽ ናት አይደል? ዴላኒ?»

«አብረን እንማራለን።»

«ነገ ስታገኚያት በወሬ መሃል ጣል አድርጊላት። አዲሱ ባሌስትራ አልደረሰልንም፣ አሮጌው ላይ ነን በያት። በቃ።»

በቂም ውድድር ሰዓት አይያዝም። ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳ ይጠፋል፤ ማን ቀደመ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ማንም የማንን መኪና አቅም አያውቅም፤ ሁሉም ከመኪናው ሥር ያለውን እንደ ጓዳ ምስጢር ይደብቃል፤ መኪናዬ ደካማ ነው የሚለው ደግሞ መነሻ ይሰጠኝ፣ ጥቂት ቀድሜ ልነሳ ብሎ ይከራከራል። ውድድሩ ግማሹ የሚያልቀው በአፍ ነው። ቨርነን በአሮጌ ባሌስትራ መጣሁ ብሎ መነሻውን ካገኘ፣ በአዲሱ ባሌስትራ ገስን ከኋላው ጥሎት ይሄዳል።

«ዋሺልኝ ነው የምትለኝ» አለች ዊላ።

«ውሸት አይባልም። ጨዋታው ነው። እነሱም ያደርጉታል።»

«ራስህ ንገረው።»

«እኔን ማን ያምነኛል?» አለ ቨርነን፤ ከዳልተን ጋር አብረው ሳቁ።

እናቷ በሩ ጋ ቆማ «ልጅቷን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቧት» አለች። ቨርነን ዳቦውን ቆረሰ። «ጄኔል፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።» እናቷ ሰዓቱን አይታ ወጣች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዴላኒ ራትሊፍ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ዊላ ትሪዋን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ስለ ሒሳብ ፈተናው አወሩ። ከዚያ ዊላ ዓይኗን ምግቧ ላይ ጥላ ተናገረችው።

«መኪናው እኮ ገና ነው። አዲሱ ባሌስትራ አልደረሰልንም። አሮጌው ላይ ነን።»

ዴላኒ ማኘኳን አቆመች። «በቃ? ይህችን ነው ያስጠኑሽ?»

«ምን?»

«አባቴ ሰኞ ዕለት ነግሮኛል። ‹ቨርነን ልጁን ይልካታል፤ ባሌስትራው አሮጌ ነው ትልሻለች› ብሎኛል። ቃል በቃል ነው ያመጣሽው።»

የዊላ ጆሮ ጋለ።

«እኔንም ሊልከኝ ነበር» አለች ዴላኒ። «‹ከሥሩ ምን እንዳለ አውጣጪያት› አለኝ። ያንተ ውሻ አይደለሁም አልኩት።»

«እና?»

«ስልኬን ቀማኝ። እስከ ቅዳሜ።» ዴላኒ ትሪዋን አነሳች። «አንቺ ግን መጣሽ። መኪናው ያንቺ ነው አይደል የሚሉት? በገዛ መኪናሽ ጉዳይ አንቺን ይልኩሻል፤ አንቺም እሺ ብለሽ ትላላኪያለሽ። ሼም ነው።»

ሄዳ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ዊላ ምግቧን አልጨረሰችም። ያናደዳት ዴላኒ የተናገረችው አልነበረም። ትክክል መሆኗ ነው።

*

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። የተቃጠለ ጎማ ሽታ፣ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ፣ አቧራ። ቨርነን ኖቫውን ከተሳቢው አውርዶ ከጎን ከጎኑ ሸራ አንጠለጠለበት፤ ማንም ጎንበስ ብሎ ከሥር እንዳያይ። ዊላን ደግሞ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ሸራውን የነካ ሰው ካለ ጥሩንባውን ንፊ» አለ። የጠባቂነት ሥራ ተሰጣት ማለት ነው። ቁልፉ መኪናው ላይ ተሰክቷል።

ክርክሩ በአባቷ ፒክ አፕ የኋላ መዝጊያ ላይ ተጀመረ። እንደ ገበያ ነው፤ ሁለቱ ይከራከራሉ፣ ሌላው ቆሞ ያሟሙቃል። ዊላ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ትሰማለች።

«በአሮጌ ባሌስትራ ነው የመጣሁት» አለ ቨርነን። «መነሻውን ስጠኝ።»

ገስ ራትሊፍ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። «ባለፈው ‹ካምቢዮዬ ተሰብሯል› ብለኸኝ ነበር። በተሰበረ ካምቢዮ ስትሄድ ግን የፖሊስ መኪና አልደረሰብህም።»

ሰዉ ሳቀ። «ቨርነን አልቅስለት» አለ አንዱ። «መሐረብ ስጡት» አለ ሌላው።

«ፈራህ ማለት ነው» አለ ቨርነን።

«አንተን አላምንም ማለት ነው። መኪናው የልጄ ነው ትላለህ አይደል? እንግዲያው ባለመኪናዋ ትንገረኝ። እሷ ዓይኔን አይታ አሮጌ ነው ካለችኝ መነሻውን ሰጥቼሃለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኖቫው ዞረ። ዳልተን ወደ ዊላ ጥቅሻ ላከላት። ከገስ ኋላ ዴላኒ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ቨርነን ወደ መኪናው መጣና በመስታወቱ አንገቱን አስገባ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሁለት ቃል ነው። ‹አሮጌው ነው› በዪ። ከዚያ መኪናሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«እንደዚህ እንዳለ ነው ወይስ ሞላዎቹን ቀይረህልኝ?»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው?»

«አዎ። አሁን ንገረኝ።»

ቨርነን ወደ ሰዉ ዞር ብሎ አየ፤ ጥርሱን ነከሰ። «እናያለን አልኩሽ።»

ዊላ መሪውን አጥብቃ ያዘች። የምትለው ነገር ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቃዋለች። አባቷን በወንዙ በሁለቱም ዳር መሳቂያ ታደርገዋለች፤ እሱም ለእሷ ብሎ የሚረሳ ሰው አይደለም። ይሄን ሁሉ አሰበችው። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ ከመኪናው ሳትወርድ፣ ገስ እንዲሰማ ድምፏን ከፍ አደረገች።

«ከሥሩ ያለውን አልነግርህም» አለች። «እኔ ያልመረጥኩት ነው። እኔ የምነግርህ ሌላ ነው። መኪናዬ ዛሬ አይሮጥም።»

ቁልፉን ነቀለችና ኪሷ ከተተችው።

አንዱ አፏጨ፤ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ስታምፐር ጠራ፣ ስታምፐር ቀረ» አለ አንድ ሰው፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ቨርነን አንገቱ ድረስ ቀላ።

ገስ ግን አልሳቀም። ሙሉ ሳምንት ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው። መሬቱ ላይ እንትፍ አለ። «ይሄ ማሸነፍ አይባልም» አለና ሄደ። ዴላኒ ከመሄዷ በፊት ዊላን አንድ ጊዜ አየቻት። ፈገግ አላለችም፤ አንድ እጇን ግን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ውረጂ» አለ ቨርነን።

«መኪናው ተሳቢው ላይ ሲወጣ እወርዳለሁ።»

*

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። የተናገረው ዳልተን ነው። «አሥር ዓመት ሲስቁብን ይኖራሉ። ደስ ይበልሽ። ለአንዲት ኩርባ ብለሽ።» ዊላ መስኮቱን እያየች መጣች። ደስ አላላትም። ግን አልተጸጸተችም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቤት ሲደርሱ ቨርነን ኖቫውን ጋራዥ አላስገባውም። ደጅ፣ ጠጠሩ ላይ አወረደው።

«ጋራዡ የኔ ነው» አለ። «መኪናው ያንቺ ነው አልሽ አይደል? እንግዲያው ደጅ ይደር። ዝናብ ይምታው። እጄን ግን እንዳትጠብቂ። የዳልተንንም።»

ስለ መፍቻና ስለ ክሪክ ምንም አላለም። ዊላ ልብ ብላ ነው ያዳመጠችው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ክሪኩን፣ መኪናው የሚቆምባቸውን የብረት እግሮች፣ መፍቻዎቹንና ሞላ መጭመቂያውን ተሸክማ ወጣች። ጠጠሩ ላይ ሳንቃ አነጠፈችና መኪናውን አነሳችው። ከኋላ ጀመረች። ባሌስትራውን የሚደግፉት ብረቶች ቶሎ ተፈቱ፤ አባቷ ብሎኖቹን ያጠበቃቸው ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ ዝገት አልያዛቸውም። አንድ በአንድ እየጎተተች ወስዳ የአባቷ ፒክ አፕ ላይ ጫነቻቸው።

እናቷ ከሥራ ስትመጣ ዊላ የግራውን የፊት ጎማ አውጥታ መጭመቂያውን ሞላው ላይ እየጠመዘዘች ነበር። ጄኔል ከመኪናዋ ወርዳ አየቻት። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ በዚያ አገር ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ መጦሪያው ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሲያወሩት አድረዋል። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

ዳልተን በባዶ እግሩ፣ ፀጉሩን እያከከ ብቅ አለ። «ያ ሞላ ካመለጠሽ ጥርስሽን ነው የሚያረግፈው።»

ዊላ መጠምዘዟን ቀጠለች።

«ምን ቸገረኝ» አለ። ወደ ውስጥ ሊገባ ዞረ። ከዚያ ቆመና፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ሰንሰለት አሳልፊበትና ከሻንሲው ጋር እሰሪው። ቢያመልጥም አይሄድም» አለ። በሩን በኃይል ዘጋው።

ሰንሰለት ፈልጋ አሰረችው። ሞላው ሲፈታ ፈንጥሮ አልሄደም። ረጅምና ልፍስፍስ፣ አዲስ ቀለሙ ያልተነካ። ቀጥሎ የቀኙን ፈታች፤ ሁለቱንም ፒክ አፑ ላይ ከብረቶቹ ጎን ጫነቻቸው። እጇ ተላጠ፤ በመሃል አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ቁጣ ይሁን ድካም እሷም አለየችውም፤ ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሳች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኖቫው በብረት እግሮቹ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ አንድ ሞላ የለም። አሁን ቀጥታም አይሄድም፤ ወደየትም አይሄድም። ዊላ ዞራ ዞራ አየችው። ቢጫነቱ እንኳ እንደ ድሮው አላስጠላትም።

«የቶለር የአሮጌ መኪና ግቢ እሑድ ይከፍታል?» አለች እናቷን።

«እዚያው ነው የሚኖሩት። ለሚያንኳኳ ይከፍታሉ።» ጄኔል ከሥራ ያመጣችውን ሳንድዊች ጨርሳ እጇን አራገፈች። «ምን ልትፈልጊ ነው?»

«ከባድ ሞተር የነበረው መኪና። የሱ ሞላ ጠንካራ ነው። ስታብላይዘሩም ወፍራም ነው። ራሴ እፈታዋለሁ።»

«ብዙ ይፈጃል?»

«እኔንጃ።»

እናቷ ሌሊቱን አልተኛችም። ዓይኗ ቀልቷል። ጫማዋን መልሳ አደረገችና ቁልፏን አነሳች።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሊነሱ ሲሉ ቨርነን ወጣ። በመጀመሪያ ያየው ኖቫውን አይደለም፤ የራሱን ፒክ አፕ ነው። ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ፤ ሁለቱ ሞላዎች፣ ሁለቱ ብረቶች፣ ብሎኖቹ በጣሳ። አንዱን ሞላ አንስቶ አገላበጠው፤ ጭረት የፈለገ ይመስላል። አልነበረውም። መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ወደ ኖቫው ሄዶ በርከክ ብሎ ከሥር ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ነው የተነሳው። ወደ እነሱ መስኮት መጣ፤ ዓይኑ ግን መኪናው ላይ ነው።

«የፊቱ ገባኝ» አለ። ድምፁ ገና በቂም የከረረ ነው። «ኋላውስ? አዲሱን ባሌስትራ ትተይዋለሽ ወይስ ይወጣል?»

ዳልተን ከበሩ ጀርባ ሆኖ ያዳምጣል። እናቷ እጇን ማርሹ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ዊላ አሰበችበት። ባሌስትራው ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ከፊቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን የፊቱ ሞላ ሳይገባ አይታወቅም። አባቷም ይሄንኑ ያውቃል።

«አልወሰንኩም» አለችው። «ስወስን እነግርሃለሁ።»

እናቷ ማርሽ አስገባች።